ጣሪያው የጋራ ከሆነ ዕውቀቱም የጋራ ይሁን

ወላጆቻችን በሚኖሩባቸው የኢየሩሳሌም ሕንፃዎች ጣሪያ ላይ አንቴና ሊተከል ነው ሲባል ብዙ ጊዜ ሁለት ዓይነት መልስ እሰማለሁ። አንዱ የፍርሃት ነው፦ «ካንሰር ሊያመጡብን ነው!» ሌላው የዝምታ ነው፦ «እነሱ ያውቃሉ፤ የት ጋ ልፈርም?» ሁለቱ መልሶች ተቃራኒ ቢመስሉም እናታቸው አንድ ናት። የተተከለው ነገር ምን እንደሆነ፣ ማን እንደፈቀደው፣ ኪራዩ ወደ ማን ኪስ እንደሚገባ በሚገባቸው ቋንቋ የነገራቸው የለም።

የእኔ አቋም ይህ ነው፦ ዩኒቨርሲቲ የገባን ልጆች ይህን ክፍተት መሙላት አለብን። እኛ ካልሞላነው የሚሞላው ወሬ ወይም የኩባንያ ወኪል ነው። «ይህ የመሐንዲሶች ጉዳይ ነው፤ የማኅበራዊ ሥራ ተማሪን ምን አገባት?» የሚል አይጠፋም። እኔ ግን ስለ ነገሩ ባነበብሁ ቁጥር፣ መሐንዲሶች አንድን ጣሪያ ለመጋራት ያወጡት ሥርዓት የሚያስቀና ሆኖ አገኘሁት። በማሽኖች መካከል የሚደረገው ጥንቃቄ ግን ከጣሪያው በታች ለሚኖሩት ሰዎች አይደርስም። ክርክሬ እዚያ ላይ ነው።

ከበሮውና ረጅሙ ሳጥን

መጀመሪያ ዓይናችን የሚያየውን እንለይ። ከኢትዮጵያ መንገድ ወደ ነቢያት ጎዳና ስትወጡ ቀና ብላችሁ የመሐል ከተማውን ጣሪያዎች ተመልከቱ። ቀጥ ብለው የቆሙ ረጃጅምና ጠባብ ሳጥኖች ታያላችሁ። እነዚህ ከስልካችን ጋር የሚነጋገሩ የሞባይል አንቴናዎች ናቸው፤ ሞገዳቸውን በሰፈሩ ላይ ይበትናሉ። ከአጠገባቸው ደግሞ ከበሮ የመሰሉ ክብ ነገሮች አሉ። እነሱ የማይክሮዌቭ ዲሾች ናቸው። አንድ ዲሽ የሚነጋገረው ከሩቅ ሆኖ ፊት ለፊት ከሚያየው ከአንድ ሌላ ዲሽ ጋር ብቻ ነው። የመሬት ውስጥ የፋይበር መስመር በማይደርስበት ቦታ፣ የሰፈሩን የስልክና የኢንተርኔት ጭነት ተሸክሞ ከጣሪያ ወደ ጣሪያ የሚያሻግረው እሱ ነው። ለቴሌቪዥን የምንሰቅለው ዲሽ ሌላ ነው፤ እሱ ከሳተላይት ይቀበላል እንጂ አይናገርም።

የማይክሮዌቭ ዲሽ ጨረር እንደ እጅ ባትሪ ብርሃን ጠባብ ነው። በ23 ጊጋኸርዝ የሚሠራ 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ዲሽ የሚልከው ጨረር ስፋቱ አንድ ዲግሪ ተኩል ገደማ ነው። የሚልከው ኃይልም ብዙ ጊዜ ከአንድ ዋት በታች ነው፤ አንድ አሥረኛ ዋት የሚልኩ ብዙዎች ናቸው። ሁለቱ ዲሾች እንዲተያዩ ደግሞ መካከላቸው ምንም መቆም የለበትም። ስለዚህ ጨረሩ በአየር ላይ ከቤቶቹ በላይ ያልፋል እንጂ ወደ መኝታ ቤት አይመራም። ከጣሪያው በታች የሚኖር ሰው ስለ ጨረር ሊጠይቅ የሚገባው ከከበሮው ይልቅ በቅድሚያ ስለ ረጃጅሞቹ ሳጥኖች ነው። ይህን ልዩነት ብቻ ማወቅ የስብሰባን መንፈስ ይለውጣል፤ ሰው የሚፈራውን ለይቶ ሲያውቅ የሚጠይቀውንም ያውቃል።

ውሃ በተራ፣ ሞገድ በፈቃድ

እነዚህ መስመሮች የሚሠሩበት ፍሪኩዌንሲ ባለቤት የሌለው ሜዳ አይደለም። በእስራኤል የሬዲዮ ማሠራጫ ያለ ፈቃድ መትከልም ሆነ ማሠራት በ1972 በታተመው የሽቦ አልባ ቴሌግራፍ ድንጋጌ የተከለከለ ነው፤ ፍሪኩዌንሲውን የሚመድበው የኮሙኒኬሽን ሚኒስቴር ነው። ቤታችን ያለው ዋይፋይ ማንም ሰው በተወሰነ ኃይል እንዲጠቀምበት በተተወ ሞገድ ይሠራል፤ ጎረቤት ቢረብሸን የምንከስበት መሠረት የለንም። ባለ ፈቃዱ መስመር ግን ቦታው፣ አቅጣጫው፣ ኃይሉና ቻናሉ ተመዝግቦ ይጠበቅለታል።

ወላጆቻችን ይህን አሠራር በሌላ መልኩ ያውቁታል። በአማራ አገር ገጠር በመስኖ የሚያርሱ ገበሬዎች የመረጡት «የውሃ አባት» አለ። የማን ማሳ በስንት ሰዓት እንደሚጠጣ ይወስናል፤ ተራውን ሳይጠብቅ ቦዩን የከፈተ ይጠየቃል። ውሃው አንድ ነው፣ ማሳው ብዙ ነው፣ ጠብ እንዳይነሳ ሥርዓት ያስፈልጋል። የፍሪኩዌንሲ እቅድም ቁም ነገሩ ይኸው ነው።

አንድ ጣሪያ ላይ ብዙ ዲሾች ሲሰበሰቡ ግን ከውሃው የባሰ ችግር ይመጣል። እያንዳንዱ መስመር በአንድ ጊዜ ይናገራልም፣ ይሰማልም። ይህ እንዲሆን ባንዱ ለሁለት ይከፈላል፤ ታችኛው ጎንና ላይኛው ጎን። በታችኛው የሚናገር በላይኛው ይሰማል፤ ወዲያ ማዶ ያለው ጓደኛው በተቃራኒው ያደርጋል። ለምሳሌ ለረጅም ርቀት በሚያገለግለው ዝቅተኛው የ6 ጊጋኸርዝ ባንድ፣ ከ5.925 እስከ 6.425 ጊጋኸርዝ ባለው ቦታ፣ በመሄጃውና በመመለሻው ቻናል መካከል 252.04 ሜጋኸርዝ ይተዋል። ለአጭር ርቀት በሚያገለግለው ኢ-ባንድ ደግሞ ታችኛው ጎን ከ71 እስከ 76፣ ላይኛው ጎን ከ81 እስከ 86 ጊጋኸርዝ ነው።

እንግዲህ ዋናው ሕግ ይህ ነው፦ በአንድ ጣሪያ ላይ በአንድ ባንድ የሚሠሩ ማሠራጫዎች ሁሉ በአንድ ጎን ይናገሩ። ሁሉም በላይኛው ከተናገሩ ሁሉም በታችኛው ይሰማሉ፤ አንዱ የሌላውን ጆሮ አይደፍንም። አንድ አዲስ መጪ ግን ይህን ሳያይ በታችኛው መናገር ቢጀምር፣ ጎረቤቱ በሚሰማበት ጎን እየጮኸ ነው ማለት ነው። ልዩነቱን በቁጥር ብናየው፣ ጎረቤቱ የሚልከው 100 ሚሊዋት ሲሆን፣ ከኪሎ ሜትሮች ርቀት የሚመጣው ምልክት ሲደርስ የአንድ ሚሊዋት አሥር ሚሊዮንኛ ብቻ ሊሆን ይችላል። አጠገብ ያለው ድምፅ ከሩቁ አንድ ቢሊዮን ጊዜ ይበልጣል። ከዚያ ጥቂቱ እንኳ በጎን ሾልኮ ቢገባ ሩቁን ምልክት ያጠፋዋል። ይህ ስሕተት ደግሞ ዲሹ ከተሰቀለ በኋላ በቀላሉ አይታረምም፤ የዚህኛውን ጎን ከቀየርህ የማዶውን መቀየር አለብህ፣ የማዶው ጣሪያም የራሱ ጎረቤቶች አሉት።

ጉዳዩ ከአንድ ጣሪያም ያልፋል። ይህ ጣሪያ ላይኛው ከሆነ ቀጣዩ ታችኛው፣ ከዚያ ያለው እንደገና ላይኛው እየሆነ ይሄዳል። አራት ጣሪያዎች በቀለበት ቢገናኙ ይሰምራል። ሦስት ቢሆኑ ግን አይሰምርም፤ ሦስተኛው ከመጀመሪያው ጋር ሲገናኝ ሁለቱ በአንድ ጎን ሆነው ይገኛሉ። ያኔ እቅድ አውጪው ከሦስቱ አንዱን መስመር ወደ ሌላ ባንድ ያዛውረዋል፣ ወይም በፋይበር ይተካዋል። ሌሎች መሣሪያዎችም አሉት፤ አንዱን ሞገድ ቁም፣ ሌላውን አግድም አድርጎ መላክ፣ ጨረሩ እንዲጠብ ዲሹን ማስፋት፣ አየሩ ጥሩ ሲሆን ኃይሉን ዝቅ ማድረግ። ዝናብም ይቆጠራል። ከ10 ጊጋኸርዝ በላይ ዝናብ ሞገዱን ይበላዋል፤ ስለዚህ በክረምት ዶፍ የሚወርድባቸው የኢትዮጵያ ተራሮች ከተራራ ወደ ተራራ ለመነጋገር ዝቅተኛ ባንድ ይሻሉ። ኢ-ባንድ የጥቂት ኪሎ ሜትር ነገር ነው።

ይህን ሁሉ የዘረዘርሁት ዕውቀት ለማሳየት አይደለም። ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ቅደም ተከተሉን ነው። ማንም ከመትከሉ በፊት ነባሮቹ ይመዘገባሉ፣ ይለካል፣ ይሰላል፣ አዲስ መጪው ነባሩን እንደማይጎዳ ይረጋገጣል። ከዚያ በኋላ ነው ብሎኑ የሚጠብቀው።

ጣሪያ መጋራት ለዚህች ከተማ አዲስ አይደለም

ኢየሩሳሌም የጣሪያን ነገር ከማንም ከተማ በላይ ታውቃለች። በጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ያለውን ዴር ሱልጣንን አስቡ። የኢትዮጵያ መነኮሳት እዚያ ጎጆ ቀልሰው ይኖራሉ፤ ከግብጽ ኮፕቶች ጋር ያላቸው የይገባኛል ክርክር ግን እስከ ዛሬ አልተቋጨም። በ1838 ወረርሽኝ መነኮሳቱ አልቀው ሰነዶቻቸው እንደተቃጠሉ ይተርካሉ። በ1970 የበሮቹ ቁልፍ ተቀየረ፤ በ1971 ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ዛሬም ይነሳል። እኛ ቤተ እስራኤል ነን፣ ክርክሩም የእኛ አይደለም፤ ትምህርቱ ግን የሁሉም ነው። ጣሪያ ላይ መኖር ብቻውን አይበቃም፤ ወረቀት ያስፈልጋል።

ሌላው ምሳሌ የሬዲዮ ነው። በንግሥት ሄለኒ መንገድ፣ ከኢትዮጵያ መንገድ በእግር ጥቂት ደቂቃ ርቀት ላይ፣ ለአሥርት ዓመታት የሬዲዮ ስቱዲዮ ሆኖ የኖረ ሕንፃ አለ፤ ባለቤቶቹ ኢትዮጵያውያን ናቸው። በብሪታንያ ዘመን መጋቢት 30 ቀን 1936 ስርጭት የጀመረው የፍልስጥኤም ሬዲዮ ማሠራጫውን ራማላ አድርጎ በእንግሊዝኛ፣ በዓረብኛና በዕብራይስጥ ይናገር ነበር። ሞገዱ አንድ ስለነበር ሦስቱ ቋንቋዎች ሰዓት ተካፈሉ፤ ለማን ስንት ሰዓት ይድረስ የሚለውም ያጨቃጭቅ ነበር። በኢትዮጵያ መንገድ ላይ፣ ከደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት የኖረው ኤሊዔዘር ቤን ይሁዳ ዕብራይስጥን ለቤትና ለገበያ ንግግር ለማብቃት ሲደክም፣ ቋንቋው በዚያ ሰፈር አየር ላይ ሰዓት ተቆርሶለት ይሰማል ብሎ ያሰበ አይመስለኝም። ዛሬ በሬካ በኩል አማርኛና ትግርኛ የሚሰሙት እንዲሁ ሰዓት ተቆርሶላቸው ነው። ሞገድ ላይ ቦታ ያገኘ ቋንቋ ተናጋሪዎቹ አገሩ እንዳሰባቸው ይሰማቸዋል። በእያንዳንዱ ቤት ሬዲዮኑ ሲከፈት ጸጥ የሚሉ አያቶች ይህን ያውቁታል።

በኢትዮጵያም ጉዳዩ አሁን የዕለት ጉዳይ ሆኗል። የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ተቋቋመ፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2021 ፈቃድ አግኝቶ በጥቅምት 2022 አዲስ አበባ ላይ አገልግሎቱን ሲጀምር፣ ለዘመናት ብቻውን የኖረው ኢትዮ ቴሌኮም ማማዎቹን ከተፎካካሪው ጋር መጋራት ነበረበት። እዚህም ፓርትነርና ሆት ሞባይል የሬዲዮ ኔትወርካቸውን የሚያስተዳድር የጋራ ኩባንያ አቋቁመዋል። ደንበኛ የሚነጣጠቁ ኩባንያዎች እንኳ ጣሪያ ላይ ሲወጡ ቁጭ ብለው ይመካከራሉ፤ ካልተመካከሩ ሁለቱም ይከስራሉና።

ያልተጠራው ወገን

ታዲያ በዚህ ሁሉ ምክክር ያልተጠራው ማነው? ከጣሪያው በታች የሚኖረው ነው።

በልምምድ ሥራዬ ምክንያት በአንድ የመኖሪያ ሕንፃ ስብሰባ ላይ አስተርጓሚ ሆኜ ነበር። የኩባንያው ወኪል አሥር ደቂቃ በዕብራይስጥ ተናገረ፤ ስድስት ገጽ ውል አቀረበ፤ በአማርኛ አንድ መስመር አልነበረም። አንዲት እናት ወደ እኔ ዘንበል ብለው «አንቺ ልጄ፣ ይህ ነገር ከታመመው ልቤ ጋር ይጣላል ወይ? ደግሞስ ገንዘቡ ለማን ነው?» አሉኝ። ሁለቱም ጥያቄዎች ትክክለኛ ነበሩ። ሁለቱንም ተርጉሜ ጠየቅሁ። የመጀመሪያው «ሁሉም በሕግ ነው» ተብሎ ታለፈ፤ ሁለተኛው ለሌላ ጊዜ ተቀጠረ። እማማም «እንግዲያስ እነሱ ያውቃሉ» ብለው ዝም አሉ። ያ ዝምታ ስምምነት ተብሎ ተመዘገበ።

ሕጉ ግን ዝም እንዲሉ አያስገድዳቸውም። የ2006ቱ አዮን የማይፈጥር ጨረር ሕግ ለሞባይል አንቴና ሁለት ፈቃድ ይጠይቃል፤ አንዱ ለመትከል፣ ሌላው ለማሠራት። ሁለቱንም የሚሰጠው በአካባቢ ጥበቃ ሚኒስቴር ያለው የጨረር ኃላፊ ነው፤ ሚኒስቴሩም የአንቴናዎችን ቦታና የጨረር ልኬታቸውን ለሕዝብ ያወጣል። ሰዎች ለረጅም ጊዜ በሚቆዩበት ቦታ የሚፈቀደው መጠን ከዓለም አቀፉ የጤና ገደብ 10 በመቶ እንዲሆን ተወስኗል። ይህ ሁሉ ጥያቄ ተዘግቷል ማለት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2011 የሬዲዮ ሞገድን «ምናልባት ካንሰር አምጪ ሊሆን ይችላል» ከሚለው ምድብ አስገብቶታል፤ ይህም ማስረጃው ውስን ነው ማለት እንጂ ተረጋግጧል ማለት አይደለም። ለእናቶቻችን እንዲህ ብሎ በሐቅ መንገር ይቻላል። ሐቁ ከወሬው ያነሰ ያስፈራል፣ ከማስታወቂያው ደግሞ የበለጠ ያስጠነቅቃል።

የገንዘቡም ጥያቄ መልስ አለው። በ1969ኙ የመሬት ሕግ መሠረት፣ ለአንድ አፓርታማ ተለይቶ ካልተመዘገበ በቀር ጣሪያ የሁሉም የአፓርታማ ባለቤቶች የጋራ ንብረት ነው። ስለዚህ ኪራዩ የጋራ ገንዘብ ነው፤ ቤታቸውን የገዙ ወላጆቻችንም ድርሻ አላቸው። በአሚዳር ቤት በኪራይ የሚኖር ሰው የጣሪያው ባለቤት አይደለም፤ እሱ እንኳ ቢሆን የልኬቱን ወረቀት የመጠየቅ መብት አለው። አባቶቻችን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚሉት ለእንዲህ ያለው ነው። ላሟ ጣሪያችን ላይ ቆማለች፤ ወተቷን ማን እንደሚያልባት አናውቅም።

ለሚቃወሙኝ

«የፖሊስ፣ የቤትና የትምህርት ችግር እያለ ስለ አንቴና ታወሪያለሽ?» የሚሉኝ ጓደኞች አሉ። እውነት ነው፣ ከዚህ የሚከብዱ ጉዳዮች አሉን። ነገር ግን አንድ ሰው ባልገባው ወረቀት ላይ መፈረምን በትንሹ ጉዳይ ከለመደ በትልቁም ይፈርማል። በቤት ኮሚቴ፣ በቫዓድ ባይት ስብሰባ እጁን አንሥቶ የጠየቀ አባት በትምህርት ቤት ስብሰባም ይጠይቃል። መብትን መጠየቅ ልማድ ነው፤ ልማድ ደግሞ ቅርብ ካለው ነገር ይጀምራል።

ሌሎች «ሽማግሌዎቹ ዝርዝሩን ቢሰሙ ይብስ ይፈራሉ፤ ባይነገራቸው ይሻላል» ይላሉ። ይህን ክርክር ከልቤ እቃወማለሁ። በረሃ አቋርጠው ሱዳን የገቡ፣ በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን በ36 ሰዓት ከ14,000 በላይ ሆነው አገር የቀየሩ ሰዎች የከበሮና የሳጥን ልዩነት ሲነገራቸው አይደነግጡም። የሚያስደነግጣቸው ልጆቻቸው እያወቁ ዝም ማለታቸው ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ የበለጠ ያሳስበኛል፦ ቁጣ ቀስቅሰን አንቴናዎች ከሰፈራችን ቢነሡስ? ያኔ የምንጎዳው እኛ ነን። ስልክ በማይሠራበት ሕንፃ ውስጥ አምቡላንስ የሚጠራ ሽማግሌ አለ፤ ፈተና የሚፈተን ተማሪ አለ። አንቴና ሲርቅ ስልካችን ራሱ ኃይል ጨምሮ ይጮኻል፤ ስልኩ ደግሞ ከጆሯችን ጋር ነው። ስለዚህ «አይተከል» የሚል ዘመቻ አልጠራም። የምጠራው «ከመተከሉ በፊት ይነገረን፣ ይለካልን፣ ድርሻችን ይጻፍልን» የሚል ጥያቄ ነው።

ምን እናድርግ?

ማኅበራችን በአንድ ሴሚስተር ሊሠራቸው የሚችሉ ሦስት ነገሮች አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ በአማርኛና በትግርኛ አንድ ገጽ ወረቀት እናዘጋጅ። የከበሮውና የሳጥኑ ሥዕል ይኑረው፤ ከሥሩ አራት ጥያቄዎች ይጻፉ፦ የሚተከለው ምንድን ነው? የመትከያና የማሠሪያ ፈቃዱ የታለ? የመጨረሻው ልኬት መቼ ተደረገ፣ ስንትስ ወጣ? ኪራዩ ስንት ነው፣ በየትኛው ሒሳብ ይገባል? ከዚህ በላይ አይብዛ፤ ሰው ማቀዝቀዣው ላይ የሚለጥፈው ይሁን።

ሁለተኛ፣ ተማሪዎችን እናጣምር። አንድ የምህንድስና ተማሪ፣ አንድ የሕግ ተማሪ፣ አንድ የማኅበራዊ ሥራ ተማሪ ሆነው ሲጠሩ ወደ ሕንፃ ስብሰባ ይሂዱ። የምህንድስናው ያስረዳል፣ የሕጉ ውሉን ያነባል፣ የማኅበራዊ ሥራው ደግሞ ያልተናገረው ሰው እንዲናገር ያደርጋል። ሦስቱም ስብሰባው ላይ ድምፅ የላቸውም፤ ውሳኔው የነዋሪዎቹ ነው። በቤተሰብ ውስጥ ልጅ አስተርጓሚ ሆኖ የወላጁን ሥልጣን ሲወስድ ምን እንደሚመጣ ብዙዎቻችን ስለምናውቅ፣ ይህን ስሕተት በሰፈር ደረጃ መድገም የለብንም።

ሦስተኛ፣ ታናናሾቻችንን ወደዚህ ሙያ እንምራ። የፍሪኩዌንሲ እቅድ ሒሳብ፣ ካርታና ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ ከሠራዊቱ የመገናኛ ክፍል የሚወጡ ልጆቻችን ግማሹን መንገድ ሄደውበታል። ጣሪያው ላይ ማን በየትኛው ጎን እንደሚናገር የሚወስነው ጠረጴዛ አጠገብ የእኛም ሰው ቢቀመጥ፣ ከታች ያሉት ሰዎች መኖራቸውን የሚያስታውስ ይኖራል።

መሐንዲሶቹ አዲስ ዲሽ ሲመጣ ነባሩ መስመር እንዲሰማ ጆሮውን ይጠብቁለታል። ለአንድ ብረት ይህን ያህል ከተደረገ፣ ከሥሩ ለምትኖር እናት በቋንቋዋ አንድ ገጽ ማዘጋጀት ብዙ አይደለም። በሚቀጥለው የማኅበሩ ስብሰባ ላይ አጀንዳ እንዲሆን ሐሳቤን አስገባለሁ። ወረቀቱን አብራችሁኝ ልታዘጋጁ የምትፈልጉ፣ በተለይም ትግርኛ የምትጽፉና የኤሌክትሪክ ምህንድስና የምታጠኑ፣ ኑና አብረን እንቀመጥ።